ቱታ በልክ

ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተንጋሎ የሚሠራው ልጅ የለበሰው ቱታ ነው። ማለዳ አስፋልት ዳር የሚሮጠው ሰውዬም ቱታ ለብሷል። ተማሪ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቱታ ካላደረገ መምህሩ ዳር ያቆመዋል። ሰርግ ላይ ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አንድ ወጥ ሆኖ የወረደ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ ልብስ ለብሳ የመጣችውን ወጣት ግን «ቱታሽ ያምራል» ብትሏት ትቀየማለች። የእሷ «ጃምፕሱት» ነው። ስማቸው ይራራቅ እንጂ የሰርገኛዋና የመካኒኩ ልብስ ዘራቸው አንድ ነው፤ ላይኛውና ታችኛው ወገብ ላይ ተሰፍተው አንድ የሆኑበት ልብስ። እንግሊዝኛው ስም በፓራሹት ከሚዘሉ ሰዎች ልብስ የተወሰደ ነው። «ቱታ» ደግሞ አባቱም የተወለደበት ዘመንም የሚታወቅ ቃል ነው።

አባቱ የፍሎረንሱ ሠዓሊና ቀራጺ ኤርኔስቶ ሚካሄለስ ነው፤ በሙያ ስሙ ታያት ይባላል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን ጣሊያን አገር የልብስ ዋጋ እሳት ሆኖ ነበር። ታያት ከወንድሙ ጋር ሆኖ ማንም ሰው ከርካሽ ጨርቅ ራሱ ቆርጦ ሊሰፋው የሚችል ልብስ ነደፈ። እ.ኤ.አ. በ1920 በአውሮፓ በጋ ላይ ፓተርኑን፣ ማለትም የልብሱን መቁረጫ ንድፍ፣ «ላ ናዚዮኔ» የተባለው የፍሎረንስ ጋዜጣ አወጣለት። መጀመሪያ የወንዱ ወጣ፣ ቆየት ብሎ የሴቷ ተከተለ። ስሙም የራሱ ጨዋታ አለው። በጣሊያንኛ «ቱታ» ‹ታ› ጠብቆ ሲነገር «ሙሉዋ፣ ሁለመናዋ» ማለት ነው። ታያት ከቃሉ አንዷን ‹ቲ› ጣለና አላልቶ ጠራው፤ የወደቀችዋ ፊደልም እጁ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ሲታይ የላቲኑን ‹ቲ› በሚመስለው ልብስ ውስጥ ተመልሳ ትገኛለች። ጠብቆና ላልቶ በሚነበብ ቃል ለኖርነው ለእኛ ይህ ጨዋታ አስተርጓሚ አያሻውም።

ቃሉ ወደ አማርኛ ሲገባ ብቻውን አልመጣም። ከጋራዡ ወገን ካቻቪቴና ጎሚስታ፣ ከልብሱ ወገን ካልሲ፣ ማሊያ፣ ኮሌታ፣ ጓንቲ አብረውት ከጣሊያንኛ ገብተዋል። የሩጫውንም የጋራዡንም ልብስ በአንድ ስም መጥራታችንም የእኛ ስህተት አይደለም፤ ጣሊያኖቹ ራሳቸው እስከ ዛሬ ሁለቱንም ቱታ ነው የሚሏቸው። እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን አነሳሱ ነው። ዛሬ በየሱቁ ተሰቅሎ የምናየው ይህ ልብስ ሲጀመር የሱቅ ዕቃ አልነበረም። አንባቢ ጋዜጣውን ገዝቶ፣ ጨርቁን ዘርግቶ፣ ቤቱ ተቀምጦ እንዲሰፋው የተሰጠ ፓተርን ነበር።

በዚያው ዘመን ሩሲያ ውስጥ ሠዓሊው አሌክሳንደር ሮድቼንኮ ለራሱ አንድ ወጥ የሥራ ልብስ ነድፎ ባለቤቱ ቫርቫራ ስቴፓኖቫ ሰፍታለታለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ እንግሊዞች የአውሮፕላን ድብደባ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበው ወደ መጠለያ የሚሮጡበት ባለ ዚፕ ቱታ ነበራቸው፤ ዊንስተን ቸርችል ይህንኑ በቬልቬት ሳይቀር አሰፍቶ ይለብሰው ነበር። ይሄን ያህል ታሪክ ይበቃል፤ ወደ ስፌቱ ልግባ።

የታያት ንድፍ አንድ ብልሃት ነበረው። መስመሮቹ ቀጥ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ልብሱ ሰፊ ነው፣ ወገብ ላይ በቀበቶ ይያዛል። እንዲህ ያለ ልብስ ስህተት ይሸፍናል፤ ትርፍ ጨርቅ ካለ ቀበቶው ላይ ይንጠለጠላል፣ ማንም አያውቅበትም። ዛሬ እኛ የምንመኘው ደረቱ፣ ወገቡና ዳሌው ሰውነት ላይ አርፎ የሚታይ ቱታ ነው። ይህኛው ደግሞ ስህተትን ያጋልጣል እንጂ አይሸፍንም።

የመጀመሪያዬን የሰፋሁት ከጥቁር ካኪ ነው። ፓተርኑን ከሰው ተውሼ ቀዳሁ፣ ጨርቁን በአንድ ቅዳሜ ቆረጥኩ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ጨረስኩ። መስታወት ፊት ስቆም ከገበያ የተገዛ ይመስል ነበር። ዘመድ ቤት የምርቃት ድግስ ላይ ለብሼው ሄድኩ። እጅ ማስታጠቢያውን ይዤ ለአንድ ሽማግሌ ውኃ ለማፍሰስ ጎንበስ ስል መቀመጫዬ ላይ «ጥርቅ!» አለ። ሽማግሌው አልሰሙም፣ ወይም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑልኝ። የቀረውን ቀን ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ዋልኩ። አለባበሴን ያየ ሁሉ «እንዴት ያለች ትጉህ ናት፣ ሥራ ልትሠራ ታጥቃ መጥታለች» ይል ነበር።

በማግስቱ ልብሱን ጠቅልዬ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን ዘርግተው ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ሰው ናቸው። ገልብጠው አዩት፣ የተቀደደውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ክሩ ነው አይደል ጋሼ? ርካሽ ክር ነው የገዛሁት» አልኳቸው።

«ክሩ ምን አደረገሽ፣ ልጄ። ቁመቱ ነው ያጠረው።»

«መሬት ይጠርጋል እኮ!»

«የእግሩን መች አልኩሽ?» አሉና ከመሳቢያቸው ቀጭን ሲባጎ አውጥተው ሰጡኝ። «ይዘሽ ግቢ። እህትሽ ትለካሽ። ከትከሻሽ ተነስቶ፣ በፊት ወርዶ፣ በእግሮችሽ መሐል አልፎ፣ በጀርባሽ ወጥቶ እዚያው ትከሻሽ ላይ ይመለስ። እሱን ሳትለኪ ቱታ የምትሰፊ ከሆነ ሁለት ልብስ ስፊና አርፈሽ ቁጭ በይ።»

ይህ ልኬት የቱታ ሁሉ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሌሎቹን ልብሶች ማየት ይበቃል። ሱሪ የለበሰ ሰው ሲቀመጥ የሱሪው ወገብ ከኋላ ዝቅ ይላል። ሸሚዝ የለበሰ ሰው ቆጥ ላይ ዕቃ ለማውረድ ሲንጠራራ ሸሚዙ ከሱሪው ውስጥ ይወጣል። ቀሚስ የለበሰች ሴት ስትጎነበስ የቀሚሱ ጫፍ ከኋላ ከፍ ይላል። ሁሉም ማምለጫ አላቸው። ቱታ ማምለጫ የለውም። ከላይ ትከሻ ላይ ተሰቅሏል፣ ከታች ብሽሽት ላይ ታግዷል። ጎንበስ ስንል ጀርባችን ከአንገታችን እስከ መቀመጫችን ይረዝማል። ከፊት በኩል ጨርቁ ቢጨማደድና ቢተርፍም ያ ትርፍ በእግሮቻችን መሐል ሾልኮ ወደ ኋላ አይሄድልንም። ስለዚህ ወይ ትከሻችንን ወደ ታች ይጎትተናል፣ ወይ መቀመጫችን ውስጥ ይገባል፣ ወይ እንደ እኔ ይቀደዳል። መካኒኩ ቀኑን ሙሉ ሲጎነበስ ሲነሳ የማይቸገረው የሚለብሰው ቱታ ሆን ተብሎ ሰፍቶና ረዝሞ ስለሚሰፋ ነው። አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ ግራና ቀኝ እጥፋት፣ ወገባቸው ላይ ከኋላ ላስቲክ አላቸው፤ ሲጎነበሱ የሚከፈት፣ ሲቆሙ የሚሰበሰብ ተጠባባቂ ጨርቅ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ወገብን መፈለግ ነው። ወደ ጎን ዘመም ስትሉ ሰውነት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ክር እሰሩ፤ ወገባችሁ እሱ ነው፣ ሱሪ የምትታጠቁበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ከዚያ ሲባጎውን ከትከሻችሁ መሐል አስጀምራችሁ ዙሩ። ሳይጠብቅ፣ ሳይንዘላዘልም ሰውነት ላይ ይረፍ። ብቻን መለካት አይሞከርም፤ ራስን ለማየት አንገት ሲደፋ ልኬቱ ይሳሳታልና ቀጥ ብሎ የሚያይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ልኬቱ ሳይነሳ ሲባጎው ወገብ ላይ የታሰረውን ክር ከፊትም ከኋላም በሚያቋርጥበት ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ሲባጎው ወርዶ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ሦስት ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ከትከሻ እስከ ፊት ወገብ፣ ከፊት ወገብ በብሽሽት ዞሮ እስከ ኋላ ወገብ፣ ከኋላ ወገብ እስከ ትከሻ። የእኔ 43፣ 72 እና 43 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ድምሩ 158።

አማርኛ «ልክ» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ማዋሉ የገባኝ ያን ቀን ነው። ልክ መጠን ነው፤ «ልክ ነህ» ሲባል ደግሞ እውነት ብለሃል ማለት ነው። ጋሼ ልክ ነበሩ። የተዋስኩትን ፓተርን በተመሳሳይ መንገድ፣ የስፌቱን ትርፍ ሳልጨምር ስለካው 159 ወጣ። ከሰውነቴ የሚበልጠው በ1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ ለሚቆም ሰው ይበቃል፤ ሽማግሌ ለሚያስታጥብ ሰው አይበቃም።

ለማይለጠጥ ጨርቅ፣ ለካኪም ሆነ ለተልባ እግር፣ እኔ በሰውነት ዙር ላይ 6 ሳንቲ ሜትር እጨምራለሁ፤ ከወገብ በላይ ከፊት 1፣ ከኋላ 1፣ ከወገብ በታች ባለው ዙር ላይ 4። ሰፋ ያለ ልብስ የሚወድ ሰው ከዚህም ሊያስበልጥ ይችላል። እንግዲህ የሚያስፈልገኝ 44፣ 76 እና 44 ነው፤ ድምሩ 164። ፓተርኑ ያለው ደግሞ 42.5፣ 74 እና 42.5 ነበር። ጎደሎው 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 5 ጎደለኝ ብሎ ፓተርኑን በ5 ያስረዝማል። ዙሩ ግን በፊትም በኋላም ያልፋል። ላይኛውን ክፍል በ1.5 ሳስረዝመው ከፊት 1.5 ከኋላ 1.5፣ በአጠቃላይ 3 አገኛለሁ። ከወገብ በታች ያለውን በ1 ሳስረዝመው 2 አገኛለሁ። ሦስትና ሁለት አምስት። ሲሰማ የሕፃን ሂሳብ ነው፤ መቀስ ይዘው ሲሠሩት ግን ሰው ያሳስታል።

ወረቀቱ ላይ ሥራው ቀላል ነው። በብብትና በወገብ መሐል፣ የጨርቁን ክር አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት በቀጥታ የሚያቋርጥ አግድም መስመር ይሠመራል። ወረቀቱ እዚያ ላይ ይቆረጣል፣ ከሥሩ ሌላ ወረቀት ይደረጋል፣ ሁለቱ ቁራጮች በ1.5 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ይለጠፋሉ። ቀስቱ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ መቀጠል አለበት። ጎኑ ላይ የተፈጠረው ደረጃ በእርሳስ ተስተካክሎ ይሠመራል። የፊቱ ላይ የተደረገው ሁሉ የኋላው ላይም ይደረጋል፣ አለዚያ የጎን ስፌቶቹ አይገናኙም። በወገብና በብሽሽት መሐልም እንዲሁ፣ በ1 ሳንቲ ሜትር። ማሳጠር ለሚያስፈልገው ሰው ደግሞ በመቁረጥ ፈንታ ማጠፍ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ለምቾት ብላችሁ ብሽሽቱን ያለ ልክ ዝቅ አታድርጉት። እግር መጋጠሚያው ጉልበት አጠገብ የወረደ ሱሪ ለብሶ ደረጃ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ጨርቁ በዝቶ እያለ እግር አልነሳ ይላል። ብብቱ በጣም ዝቅ ያለ ጃኬት ክንድን እንደሚይዝ ማለት ነው።

ቁመቱ ከተስተካከለ በኋላ ስፋቱ ይመጣል። የፓተርን ቁጥር የሚባለው ነገር ልደቱ አሜሪካ ነው። ኤቤኔዘር በተሪክ የተባለው የማሳቹሴትስ ልብስ ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1863 በተለያየ ቁጥር የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1950 ጀርመን ውስጥ በኤነ ቡርዳ የተጀመረው «ቡርዳ» መጽሔት ነው። የፓተርን ወረቀቱን ላላየ ሰው፣ የብዙ ልብስ መስመር እርስ በርሱ ላይ ተደራርቦ የታተመበት፣ ከሩቅ የባቡር ሐዲድ ካርታ የሚመስል ነገር ነው። የሚፈልጉትን መስመር ብቻ በስስ ወረቀት ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ መጽሔቱ ባብዛኛው የስፌት ትርፍ ስለማይጨምር እሱንም ራስ መጨመር ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለአንዲት በሐሳብ ለተፈጠረች ሴት የተሠሩ ናቸው። የቡርዳዋ ሴት ቁመቷ 168 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ደረቷና ዳሌዋ ከአንድ ሠንጠረዥ ላይ የተወለዱ ናቸው። በሕይወት ያለች ሴት እንዲህ አትሆንም። እኔ ደረቴ ላይ 38 ቁጥር ነኝ፣ ዳሌዬ ላይ 42። መፍትሔው ከላይ 38ቱን መስመር ተከትሎ መምጣት፣ ከወገብ ጀምሮ በለስላሳ ጉብጠት ወደ 42ቱ መሻገር ነው። ቁጥር ስትመርጡ ለትከሻና ለደረት የሚሆነውን ምረጡ። ዳሌን ማስፋት የእርሳስ ሥራ ነው፤ ትከሻን ማስተካከል ግን የእጅጌውን ቀዳዳ፣ አንገቱን፣ ሁሉንም ያናጋል።

እኛ አገር ብዙ ልብስ ሰፊ ወረቀት አይጠቀምም፤ ልኬቱን ይዞ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ይስላል፣ ይቆርጣል። የአንዳንዶቹን እጅ ሳይ እቀናለሁ። ለቱታ ግን፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ወረቀት ይሻላል። ምክንያቱም ቱታ በአንድ ሙከራ አይሳካም፤ ወረቀት ደግሞ የተማርነውን ይይዝልናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደረጃ ሁሉም ሰው ሊዘለው የሚፈልገው ነው። ጥሩውን ጨርቅ ከመንካት በፊት በአቡጀዲ ሙከራ መስፋት። ኮሌታ የለ፣ ኪስ የለ፣ ዚፑ የሚገባበት ቦታ በስፒል ይያዛል፤ በመኪናውም ረጅም ረጅም ስፌት ይበቃል፣ መተርተር አይቀርምና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ይህን ቀን ያተረፈ ሰው ኋላ ጨርቁን ይከፍላል። ሙከራውን ለብሳችሁ አትቁሙ። ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የጫማ ክር እሰሩ። ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። ቁጢጥ በሉ። ደረጃ ሁለት ሁለት እየዘለላችሁ ውጡ። ከዚያ በኋላ መስታወት ፊት ቆማችሁ ጨርቁ የሚነግራችሁን አንብቡ።

ጨርቅ ይናገራል። የተወጠረ መስመር ወደ ችግሩ ያመለክታል። ከብሽሽት ተነስቶ እንደ ጨረር ወደ ዳሌ የሚበተን መስመር ካያችሁ ወይ ዙሩ አጥሯል፣ ወይ ከእግር መጋጠሚያው ወደ ጭን ውስጥ የሚገባው ሹል ክፍል ጠቧል። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ለመለየት ትከሻው ላይ ያለውን ስፌት ትንሽ መተርተር ነው፤ ጨርቁ ወዲያው ወርዶ መስመሩ ከጠፋ ጥፋቱ የቁመት ነበር። ከኋላ ከወገብ በላይ ልክ እንደ ታጠፈ እንጀራ አግድም ተደራርቦ የሚቀመጥ ጨርቅ ካለ ደግሞ ጀርባው በዝቷል ማለት ነው። ወገባቸው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ሴቶች ላይ ይበዛል። እጥፋቱን በስፒል ይዞ፣ ጀርባው መሐል ላይ ሰፋ አድርጎ ወደ ጎን እያጠበቡ ከወረቀቱ ላይ መቀነስ ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ ቆማችሁ የተረፈ የሚመስለው ጨርቅ ስትጎነበሱ የምትፈልጉት ሊሆን ይችላል። እኔ በስፒል ይዤ ተቀምጬ እነሳለሁ፤ ስፒሉ ካልወጋኝ እቀንሰዋለሁ።

ደረት ላይ የሚወጠር ወይም ብብት አጠገብ የሚከፈት ልብስ የራሱ ሰፊ ርዕስ ስለሆነ አልገባበትም። ብቻ ፓተርን አውጪዎቹ የሚስሉት መካከለኛ ለሆነ ጡት መሆኑን እወቁ፤ ከዚያ የተለየ ሁሉ ፓተርኑ አጠፋ እንጂ ሰውነቴ አጠፋ ማለት የለበትም።

አሁን ወደ ጥሩው ጨርቅ። ለአንድ ሙሉ ቱታ ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ 3 ሜትር ገደማ ይበቃል። ከመቁረጣችሁ በፊት ኋላ በምታጥቡት መንገድ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ተኩሱት። ይህን የምትዘሉ ከሆነ እስከ አሁን የለካነውን ሁሉ ዘላችሁ በሉ። የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት በርዝመቱ 3 በመቶ ብቻ ቢሸማቀቅ፣ 164 ሳንቲ ሜትር ከሆነው ዙር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበላል። የእኔ ጎደሎ ስንት ነበር? አምስት። በሲባጎ ያገኘሁትን ውኃ ይወስደዋል። ለመጀመሪያ ቱታ ሐርና ሳቲን አትግዙ፤ መቀስ ሥር ይሾልካል፣ የተተረተረ ስፌትም ቀዳዳውን ያሳያል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ካኪ ወይም የጥጥ ጨርቅ ይቅር ባይ ነው።

ስፌቱ ራሱ የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። ላይኛው ለብቻ፣ ሱሪው ለብቻ ይሰፋና በመጨረሻ ወገብ ላይ ይገናኛሉ። ሱሪው ላይ ሁለቱ እግሮች በየፊናቸው ካለቁ በኋላ አንዱ እግር ይገለበጥና ሌላኛው ውስጥ ይገባል፤ መልክ ከመልክ ጋር ተያይቶ ብሽሽቱ ለዚፑ ከሚተወው ክፍት ቦታ በቀር ከፊት ወገብ እስከ ኋላ ወገብ በአንድ ጉዞ ይሰፋል። ያንን ጎድጓዳ ክፍል ሁለት ጊዜ ስፉት፣ እኔ ከድግሱ ወዲህ ሦስት ጊዜ ነው የምሰፋው። ወገብ ላይ ከተለመደው የበለጠ ትርፍ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉ። በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ያዙት፣ ልበሱት፣ ተቀመጡ፤ ከዚያ በመኪና። ይህች ትርፍ የመጨረሻዋ የምሕረት በር ናት።

ስለ ዚፑ ሳልናገር ባልፍ ሴቶች ይታዘቡኛል። ዚፑ እግር አስገብቶ ዳሌን የሚያሳልፍ ርዝመት ሊኖረው ይገባል፤ ፓተርኑ ሲረዝም ዚፑም አብሮ ይረዝማል፣ ድሮ የተገዛው አይበቃም። ከኋላ የሚገባ ዚፕ ያምራል። ግን አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ባለ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ቦርሳ በጥርስ ተይዞ፣ መሬት እንዳይነካ ሙሉ ልብስ በክርን ታቅፎ፣ ከኋላ ያለን ዚፕ መፈለግ ምን እንደሚመስል የሞከረችው ታውቀዋለች። እኔ ከፊት ነው የማስገባው። ታያትም ቁልፎቹን ከፊት ነበር ያደረጋቸው።

ሲያልቅ ፓተርኑን አትጣሉት። ወረቀቱ ላይ ስማችሁን፣ ቀኑንና የሲባጎውን ሦስት ቁጥሮች ጽፋችሁ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ ሲባጎውንም አብራችሁ እሰሩበት። ለሚቀጥለው ቱታ ግን በድሮው ልኬት አትቁረጡ፣ እንደገና ተለኩ። የእኔ ያኔ 158 ነበር፤ ዘንድሮ እህቴ ስትለካኝ 159 ተኩል ሆነ።